ከመድረኩ በስተኋላ መርፌ የያዘችው ማን ናት?

ኅዳር ሲጋመስ በልጆቻችሁ ደብተር ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለች። ልጃችሁ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ማለትም ኅዳር 29፣ የባህል ልብስ ለብሶ እንዲመጣ የምታሳስብ ናት። ዕለቱ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ስለሚከበር ወረቀቷም በየዓመቱ ትመጣለች። ከሥራ ደክማችሁ በገባችሁበት ማታ፣ እራት እንኳ ሳይቀርብ፣ «እማዬ፣ ነገ ነው እኮ!» ሲባል የሚሰማችሁን ስሜት ለማወቅ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። እናት መሆን ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው፣ ወደ መርካቶ። ሸማ ተራ ተገብቶ የልጅ ቀሚስ ይጠየቃል፣ ዋጋው ሲነገር ይደነገጣል፣ ይከራከሩታል፣ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። በመጨረሻም ለግማሽ ቀን የሚለበስ አንድ ልብስ የሳምንቱን አስቤዛ ይዞ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ልጁ አድጎ ልብሱ ይጠበዋል።

ይህን የምናነሣው እናቶችን ለማማረር አይደለም። ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ነገር ግን እምብዛም የማይነገርለት ሥራ ስላለ ነው። በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር፣ በየሠፈሩ የጥምቀት ዝግጅት፣ በየመንዙማው ቡድን ዘንድ ልብሱን የምታስበው አንዲት ሴት አትጠፋም። ገንዘቡን የምታሰባስበው እርሷ ናት። የልጆቹን ትከሻና ቁመት ትለካለች፣ ጨርቁን ተከራክራ ትገዛለች፣ ትቆርጣለች፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ትሰፋለች። በዕለቱም መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ከመጋረጃው በስተኋላ የተቀደደውን ስትጠግን ትገኛለች። ደመወዝ የላትም። ዝግጅቱ ሲያልቅ ምስጋና በሚነበብበት ወረቀት ላይም ስሟ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ «በልዩ ልዩ መንገድ ለተባበራችሁን ሁሉ» በሚለው ውስጥ ተጠቃልላ ታልፋለች። እስቲ እናስላው። ክፍሉ 40 ልጆች ቢኖሩት፣ ለአንድ ልብስ 2 ሰዓት ብቻ ቢወስድ፣ 80 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ለምትሠራ ሠራተኛ ይህ የ10 ቀን ሥራ ነው። እርሷ ግን የምትሠራው ከቢሮ ወይም ከፋብሪካ መልስ ነው፣ ልጆቿን ካበላችና ካስተኛች በኋላ።

የመድረክ ልብስ ነገር በአገራችን የትናንት ጉዳይ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የጻፉት የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ነው። ባለታሪኮቹ አውሬዎች ናቸው። እንግዲህ ቴአትራችን ገና ሲወለድ የአልባሳት ጥያቄ ይዞ ነው የተወለደው ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ በሰው ትከሻ ላይ አውሬን ማሳየት ቀላል ነገር አይደለምና። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሴቶች መድረክ ላይ መውጣታቸው እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ የሴቷን ቦታ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ቀሚሱና ሻሹ ከማን ሣጥን ይወጣ ነበር? እኔ ከሚስትና ከእኅት ሣጥን ነው ብዬ እገምታለሁ። ሴቲቱ መድረክ ላይ ባትወጣም ልብሷ ወጥቷል ማለት ነው።

በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ ሲከፈት የቀረበው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ በመሆኑ የጥንት ነገሥታትንና የወታደሮችን ልብስ የሚጠይቅ ነው። ከዚያም እነ «ኦቴሎ» በጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዕር አማርኛ ሲናገሩ፣ ልብሳቸውም እንዲሁ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚያስብበት ጉዳይ ሆነ። መርካቶም ከዚህ ነገር ሩቅ አልነበረችም። ቀድሞ ሲኒማ ራስ ይባል የነበረው ራስ ቴአትር የተቋቋመው በዚህችው በአዲስ ከተማ ነው። ከጨርቅ ነጋዴውና ከልብስ ሰፊው ደጅ ብዙም ሳይርቅ ነበር መጋረጃው ይከፈትና ይዘጋ የነበረው።

ነገር ግን ልብስ የመስፋቱ ሥራ ወደ እያንዳንዱ ሠፈር የገባው በኪነት ዘመን ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በአዋጅ ከተቋቋሙ በኋላ በየቀበሌውና በየከፍተኛው የኪነት ቡድኖች ተመሠረቱ። ወጣቶቹ ዘፈኑን፣ ጭፈራውንና አጭር ድራማውን ሲለማመዱ አንድ ዓይነት ሸሚዝ፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ ዛሬ የሰሜኑን ነገ የደቡቡን የሚመስል ልብስ ያስፈልጋቸው ነበር። የዚያን ዘመን ፖለቲካ እያንዳንዱ ሰው እንደ ደረሰበት ይናገረው። በዚያ ዘመን ተገደው ወደ ስብሰባና ወደ ሰልፍ የወጡ ብዙዎች ናቸው። ከእነዚያ ቡድኖች ብዙ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች መውጣታቸው ግን የታወቀ ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የተጓዘው የኪነት ጓድ የብዙ ብሔረሰቦችን ልብስ በአንድ መድረክ ላይ እየቀያየረ ያሳየ ነበር። ጭፈራውን እስከ ዛሬ በቪዲዮ እያየን እናደንቃለን። በአንድ ዘፈንና በሚቀጥለው መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ያን ሁሉ ልብስ ማስቀየር ምን ዓይነት ትጋት እንደሚጠይቅ ግን ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

አሁን ደግሞ ጥቂት ራቅ እንበልና፣ ይኸው ሥራ በሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በእንግሊዝ አገር ስለ ጠፈር፣ ስለ መጪው ዘመንና ስለ እንግዳ ፍጥረታት የሚጻፉ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጻሕፍትን የሚወዱ ሰዎች አሉ። ማንበብ ብቻ አልበቃ ብሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሊድስ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የመጀመሪያውን ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው ባህል ሆነ። የዓለሙ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1965 ለንደን ላይ ተደርጓል። የ1965ቱን በሊቀ መንበርነት የመራችው ኤላ ፓርከር የተባለች ሴት ነበረች፣ ቤቷም የእነዚህ አንባቢዎች መሰብሰቢያ እንደ ነበር ይነገርላታል። የእኛዋ የማኅበር ቤት እመቤት ትመስለኛለች፣ ጀበናዋ ብቻ ነው የጎደላት። እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ላይ በተደረገው ጉባኤ የተገኘው ሰው ከሰባት ሺህ በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ተራው የስኮትላንዷ ከተማ የግላስጎ ሆነ።

የሚያስደንቀው ይህ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግዱት፣ አዳራሹን የሚከራዩት፣ ወንበሩን የሚደረድሩት፣ የጠፋ ልጅ የሚፈልጉት ሰዎች አንድም ደመወዝ የላቸውም። ሁሉም በበጎ ፈቃድ ነው የሚሠሩት። እንዲያውም አዘጋጆቹ ራሳቸው የመግቢያቸውን ከኪሳቸው መክፈላቸው የቆየ ልማዳቸው ነው። በጉባኤው ላይ ከሚናፈቁት ነገሮች አንዱ የአልባሳት ትርኢት ሲሆን፣ ሰዎቹ ራሳቸው የሰፉትን የጠፈር ተጓዥ፣ የንግሥት ወይም የአውሬ ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ይወጣሉ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ ሲደረግ ሁለት ሰዎች የመጪውን ዘመን ልብስ ለብሰው መጡ። አንደኛው ፎረስት አከርማን የሚባል ወጣት ነበር። ሁለተኛዋ ሜርትል ዳግላስ ትባላለች። ልብሱ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከኤች ጂ ዌልስ ሥራ ከተሠራ ፊልምና በዘመኑ መጽሔቶች ላይ ከሚወጡ ሥዕሎች የተቀዳ ነበር። ሁለቱንም ልብሶች የሰፋችው እርሷ ናት። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ስለዚያ ቀን ሲወራ ስሙ ከፍ ብሎ ይነሣ የነበረው የአከርማን ነው። እርሷ እ.ኤ.አ. በ1964 አረፈች። የዚህ ልማድ እናት መሆኗ በሰፊው መነገር የጀመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ያለ ስፌት የሰፊዋን ስም አይናገርም። በሊድስም ይሁን በመርካቶ ያው ነው።

አንዳንዴ ግን ይናገራል። «ዶክተር ሁ» የተባለውና እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ፣ በ1974 ባለታሪኩን መጫወት የጀመረው ቶም ቤከር እስከ እግሩ የሚደርስ እጅግ ረጅም የአንገት ልብስ ነበረው። የዚያ ርዝመት ምክንያት እንዲህ ነው ይባላል። አልባሳት አዘጋጁ ጄምስ አችሰን ቤጎኒያ ፖፕ ለምትባል ሹራብ ሠሪ ከሚበቃው በላይ ብዙ ክር ይሰጣታል። እርሷም ክሩ ሁሉ ይሠራ የተባለች መስሏት አንድም ሳታስቀር ሠራችው። አዘጋጆቹ ሲያዩት ወደዱት፣ እንዲያው እንዳለ ይቅር ተባለ። በኋላም ተመልካቾች የአሠራሩን ንድፍ እየጠየቁ በየቤታቸው ይሠሩት ጀመር። ስሟ ከአንገት ልብሱ ጋር እስከ ዛሬ አብሮ ይነሣል።

ከእነዚህ ሰዎች ልማድ እኔን የማረኩኝ ጥቂት ነገሮች አሉ። በትርኢቱ ውድድር ጀማሪው ከጀማሪ፣ የበሰለውም ከበሰለው ጋር እንጂ ሁሉም በአንድ አይወዳደርም። ዳኞቹ ከመድረኩ በስተኋላ ልብሱን ገልብጠው የውስጡን ስፌት ያያሉ፣ ክሩ የተንጠለጠለ፣ ጠርዙ ያልተዘመዘመ እንደ ሆነ ይታወቃል። በመልበሻው ክፍል መርፌ፣ ክርና ማጣበቂያ የያዘ ጠረጴዛ ተዘጋጅቶ ይቆያል። ልብሱ እንዳይበላሽ ውኃ በቀሰም እንዲጠጡ ይደረጋል። ደንባቸውም ከደረሰባቸው የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሎስ አንጀለስ ላይ አንድ ሰው ገላውን በኦቾሎኒ ቅቤ ለቅልቆ መድረክ ላይ ወጣ። ከመብራቱ ሙቀት የተነሣ ቅቤው ሽታውን ከማምጣቱም በላይ ያለፈበትን ሁሉ አጨማለቀው። ከዚያ ወዲህ የሚያጨማልቅ ነገር ተቀብቶ መውጣት ተከለከለ። በእኛ ዘንድ ደግሞ የወላጆች ቀን ሲሆን ፊቱን በዱቄት ነጭ አድርጎ ሽማግሌ የሚሆን ልጅ አይጠፋም። አጠገቡ ጥቁር ሱፍ የለበሰውን ልጅ እናት ጠይቋት።

የእኛ ልጆችም ቢሆኑ ዛሬ የሚጠይቁት የባህል ልብስ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ጠፈር ከተላከች ወዲህ ጠፈርተኛ ልሁን የሚል ልጅ ቢመጣባችሁ አትደነቁ። «ጀምበር» የተባለው ባለሥዕል መጽሔት ኢትዮጵያዊ ጀግና፣ «ሐዊ» ደግሞ ኢትዮጵያዊት ጀግና ይዘው ወጥተዋል። ልጅቱ ሐዊን ልሁን ብትል ምን ትሏታላችሁ?

መልሱ መርካቶ ውስጥ አለ፣ ዋጋውም እንደሚፈራው አይደለም። ምን አለሽ ተራ የሚጣል ነገር ሁሉ ተራውን ጠብቆ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ስፍራ ነው። የተጣለ ማጥለያ፣ ክዳን፣ ቆርቆሮ፣ ሽቦ ይገኝበታል። ከካርቶን ላይ የብር ቀለም ያለው ወረቀት ተለጥፎ የጠፈር ተጓዥ ደረት ይሆናል። ነገር ግን ቆርቆሮ ስትጠቀሙ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በመዶሻ ደቁሱት፣ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት። የልጅ አንገት አጠገብ ቆርቆሮ ጨርሶ አይሁን። ጭምብል የሚሠራ እንደ ሆነ የዓይኑ ቀዳዳ ሰፊ ይሁን፣ ልጁ የመድረኩን ደረጃ ማየት አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሳት። የሚያብለጨልጨው ርካሽ ጨርቅ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ስለ ሆነ እሳት ሲነካው እየቀለጠ ገላ ላይ ይጣበቃል። ሻማና ችቦ ባለበት በዓል ለሚለበስ ልብስ ጥጥ የሆነ አቡጀዲ ወይም ሸማ መምረጥ ይሻላል። ጥጥም ይነዳል፣ ግን ገላ ላይ አይቀልጥም።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በፋብሪካ ጥለት የታተመበት ጨርቅ ባህል ልብስ ተብሎ በየሱቁ ተሰቅሏል። ርካሽ ስለ ሆነ የገዛችውን እናት አልወቅስም። ነገር ግን ሽሮ ሜዳ እጁ ከመወርወሪያው ያልተለየው ሸማኔ የሚወዳደረው ከማተሚያ መኪና ጋር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሸማ ተራም ቢሆን ያለፈበት መከራ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ሱቅ ከነሸቀጡ አውድሟል። ያኔ ኅዳር 29 ሊደርስ ሰባት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ስለ ወጪው አንድ ዘዴ ላቅርብላችሁ። እቁብና እድር የምታውቅ ሴት የልብስ እቁብ ማቋቋም አይቸግራትም። 12 እናቶች ቢሰባሰቡና እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥሩ ልብስ ብቻ ቢያሰፉ፣ በየዓመቱ እየተቀያየሩ 12 ዓይነት ልብስ አላቸው ማለት ነው። ልብሱ ሲሰፋ ከታች በኩል አራት ጣት ያህል እጥፋት ይተውለት፣ በጎንና በጎን ስፌቱም ሁለት ጣት ይትረፍ። ወገቡ ላስቲክ ይግባበት። እንዲህ የተሰፋ ቀሚስ የ7 ዓመቷንም የ9 ዓመቷንም ልጅ ይይዛል። ጥለቱን ከቀሚሱ ጋር አንድ አድርጎ ከመስፋት ይልቅ በእጅ ለዘብ አድርጎ ማያያዝ ይመረጣል፣ ቀሚሱ ቢያረጅ ጥለቱ ተፈትቶ ሌላ ላይ ይገባልና። ገንዘቡ በአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ። እንደ እድሩ በደብተር ይጻፍ፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት። ይህ የሚጠቅመው ገንዘቡን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። በየሠፈሩ የምንሰማው ሐሜት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በነጻ በደከመችው ሴት ላይ ነው፣ የተፈረመበት ደብተር ካላት ግን መልስ አላት።

በዚያው ደብተር ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደ ሰፋች የሚያመለክት። ሰዓቱ ሲጻፍ ሥራው ከአንዲት ሴት ላይ ወደ አራትና አምስት መከፋፈል እንዳለበት ማንም ሳይናገር ይታያል። መስፋት የማትችለው ትቆርጣለች፣ መቁረጥ የማትችለው ቁልፍ ትተክላለች። አባቶችም እንዲሁ። በመርካቶ መኪናውን ቁጭ ብለው የሚዘውሩት ልብስ ሰፊዎች ብዙዎቹ ወንዶች ሆነው ሳለ፣ ቤት ውስጥ መርፌ ሲነሣ ብቻ የሴት ሥራ ነው መባሉ ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሥራው በሚነገርበት መድረክ ላይም ሰፊዎቹ በስማቸው ይጠሩ ዘንድ የዝግጅቱን አቅራቢ አስቀድሞ ወረቀቱን ማስያዝ ነው፣ ከዝግጅቱ በኋላ ማማረር አይጠቅምም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለኅዳር 29 የሚሆን ልኬት ጥቅምት ሳይጋመስ ቢወሰድ ይመረጣል። ጨርቁ ከጥቅምት 20 በፊት ይገዛ፣ በዓሉ ሲቀርብ ዋጋው ይንራልና። መኪናችሁ የኤሌክትሪክ ከሆነ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት አስቡበት፣ የእግር መኪና ያላትን ጎረቤትም አስቀድማችሁ አነጋግሯት። ልብሱ በበዓሉ ዋዜማ ሳይሆን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ልጁ ላይ ይለካ፣ ሮጦበት፣ ተቀምጦበት፣ እጁን አንሥቶበት። ለዕለቱ በቦርሳችሁ ውስጥ ነጭና ጥቁር ክር የገባባቸው ሁለት መርፌዎች፣ መርፌ ቁልፍ፣ ትንሽ መቀስ፣ አንድ ሜትር ላስቲክ፣ ንጹሕ ጨርቅና ውኃ ያዙ። ቀሰምም ጨምሩበት፣ በመርካቶ በእስር ይሸጣል።